ስልክ ደውሎ «እንጃ» ያለሽ ሰው

ሚኒያፖሊስ፤ መጋቢት 1999 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ክረምት ሲገባ የሚነሣብሽ ሳል ተወሽ ወይስ አሁንም አለ? ኢያሱስ ደህና ነው? ልጅሽስ? ሴት መሆኗን ከሰው ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ማንን እንደምትመስል የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። አንቺን ከመሰለች ግንባሯ ሰፊ፣ ቁጣዋም ቅርብ ይሆናል።

ስለ እኛ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝኩት። እማዬ እህል ትቀምሳለች፣ ትንሽ ትንሽም ትተኛለች። እኔም እንደዚያው ነኝ። አልሐምዱሊላህ። ይህን የምጽፍልሽ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሆኜ ነው። ሪችፊልድ ያለው አፓርትማችን ሰሞኑን ሰው ስለሞላበት ለብቻ የሚቀመጡበት ጥግ የለም። እዚህም ብሆን ተቀምጫለሁ አይባልም። ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ፤ መስኮቱ ጋ ሄጄ ወንዙን አያለሁ፤ በረዶው መሐል መሐሉን መላቀቅ ጀምሯል፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ጽሕፈቴ ቢዘበራረቅብሽ ለዚያ ነው።

ኢያሱን አግብተሽ ከቤት ከወጣሽ ጀምሮ ስምሽ በቤታችን እንዳይጠራ አባዬ ከልክሎ እንደነበር ታውቂያለሽ። የማታውቂው እማዬ እንዴት እንዳለፈችው ነው። ስምሽን አትጠራም፤ «ትልቋ» ትላለች እንጂ። «ይህን ሚጥሚጣ ትልቋ ብታየው ባፏ አታዞረውም» ትላለች። «ትልቋ እኮ ፀጉሯ ወገቧ ላይ ነበር የሚደርሰው።» አባዬ ይሰማና ጫማውን አጥልቆ ይወጣል። አንድ ቀን ግን አልወጣም። እማዬ ብሶባት «አንተ ሰው፣ ወሎ ተወልደህ! የእናትህ አጎት መሪጌታ አልነበሩም እንዴ? አብረን ስንደሰት አብረን ስናለቅስ አይደል ያደግነው?» አለችው። እሱ ሻዩን አማሰለ። ስኳር ሳይጨምርበት ዝም ብሎ አማሰለ። ንዴቱ አልቆ እልሁ ብቻ እንደቀረው ያን ቀን ነው የገባኝ።

እኔ የነርስነት ትምህርቴን ሁለተኛ ዓመት ደርሻለሁ። ዘንድሮ ፊዚዮሎጂ አለኝ፣ ሆስፒታል ገብተን በሽተኛ የምናስታምምበት ክሊኒካል አለኝ፣ ደግሞም፣ አትሳቂብኝ፣ ሙዚቃ። ሙዚቃው በፍላጎቴ አልመጣም። ለዲግሪው ከሥነ ጥበብ አንድ ኮርስ መውሰድ ግዴታ ነው፤ ከክሊኒካል ሰዓቴ ጋር የማይጋጨው የድምፅ ክላስ ብቻ ሆነ። ነርሶቹ ከወንዙ ወዲህ፣ ሙዚቀኞቹ ከወንዙ ወዲያ ስለሆኑ ድልድዩ ላይ ስሮጥ ነው የምውለው። ነርሶቹ ዘንድ ስሆን ዜማ በጭንቅላቴ ይዞራል፤ ዘፋኞቹ ዘንድ ስሆን የማንቁርት ጡንቻ ስም አነበንባለሁ። የትም ብሆን ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ይህ ጠባይ ከልጅነቴም እንደነበረ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ዘንድሮ ግን ባሰ።

አባዬ የሙዚቃውን ነገር ሲሰማ ተቆጣ። «ሙዚቃ ለመማር ነው ይህን ሁሉ በረዶ የምንረግጠው?» አለ። ዘፈን ብቻ እንዳልሆነ፣ መጀመሪያ የሚያስተምሩን አተነፋፈስ እንደሆነ ነገርኩት። «ለአተነፋፈስ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ይኬዳል?» ብሎ ሳቀ። ነገሩ ግን ከነከነው። ደሴ እያለን መውሊድ ሲደርስ መንዙማውን የሚያወጣው እሱ አልነበር? ድቤው ሳይጀምር ድምፁ ብቻውን ግቢውን ይሞላው ነበር። እዚህ የሠራው መሐል ከተማ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ፣ በመስታወት ክፍል ተቀምጦ ቲኬት በመቀበል ነው። ሌሎቹ ፀሐይ የሚያገኘውን የላይኛውን በር ሲሻሙ እሱ ምድር ቤቱን መረጠ። ለምን ብዬ ብጠይቀው ኮንክሪቱ ድምፅ እንደሚመልስለት ነገረኝ። መኪና ጭር ሲል እዚያ ታች ብቻውን ያወጣል፤ ሕንፃው ይቀበለዋል።

በፊዚዮሎጂ ላብ በቱቦ እየነፋን የሳንባችንን ጉልበት ስንለካ የእኔ ከሁሉም አነሰ። ለአባዬ ሳጫውተው ከተቀመጥኩበት አስነሣኝና «እንደ ደነገጠች ዶሮ በደረትሽ ነው የምትተነፍሺው። ከታች ሳቢው» አለኝ። ከሳንባ ሥር እንደ ድንኳን የተወጠረውን ዲያፍራም የሚባለውን ጡንቻ በመጽሐፌ ላይ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ሥዕሉን ብዙ አየው። «ለካ ስም አለው» አለ። ከዚያ ወዲያ ክላስ በነበረኝ ቀን ምን እንደተማርኩ ሳይጠይቀኝ አይውልም ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ከአባዬ ጋር እንደዚያ ተጫውተን አናውቅም።

ጥቅምት ላይ፣ ከኢድ በኋላ፣ ሥራ ላይ እንዳለ ታመመ። አንድ ሹፌር መውጫውን ጠይቆት አባዬ ሹፌሩ በማያውቀው ቋንቋ ያንኑ አንድ ነገር እየደጋገመ ቢመልስለት ለጥበቃ ነገረ፤ ጥበቃው ሲደርስ ከወንበሩ ዘንበል ብሎ አገኘው። ከአንጎሉ በግራ በኩል ያለች የደም ሥር ተዘግታ ነበር። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ዛሉ። አእምሮው ደህና ነበር፤ ሲያየኝ ያውቀኛል፣ የነገርኩት ሁሉ ይገባዋል። ቃል ግን ከዳው። ከቃል ሁሉ አንዲት ብቻ ቀረችው፤ «እንጃ»።

ይህን ያላየ ሰው አይገባውም። ውሃ ልስጥህ? «እንጃ።» ያምሃል? «እንጃ።» ሆስፒታሉ በስልክ ያቀረበው አስተርጓሚ ስሙን ቢጠይቀው «እንጃ» አለ። አስተርጓሚው ምን ያድርግ፣ የሰማውን ተረጎመ፤ ስሙን አያውቀውም አለ። አባዬ ራሱን በኃይል ነቀነቀ፤ እንደገና ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ «እንጃ!» ብሎ ጮኸ፤ ዐይኑ እንባ ሞላ። እኔ መሐል ገብቼ ቃሉ መልስ እንዳልሆነ፣ ሌላ ሊል ሲታገል የሚወጣው እሱ ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። ሐኪሟ ወዲያው ገባት። ለእማዬ ማስረዳት ግን አልቻልኩም። በሽታው ሳይሆን ያቺ ቃል አሳፈረቻት። ጠያቂ ሲመጣ «ተኝቷል» እያለች ከበር ትመልስ ጀመር።

ቤት ከገባ በኋላ አንድ ሊል የፈለገው ነገር እንዳለ አወቅን። በግራ እጁ ስልኩን ያሳየናል። ደሴ ያለውን ዘመድ፣ ከሚሴ ያለውን ዘመድ እየጠራን «እሱን ነው? እሷን ነው?» እንለዋለን። «እንጃ፣ እንጃ፣ እንጃ» ብሎ ጠረጴዛውን ይመታል። የዘመድ ስም ጠርተን ጨረስን። አንዱን ስም ግን፣ ራሱ የከለከለውን፣ እኔም እማዬም ለመጥራት አልደፈርንም።

በዚያው ሰሞን ፊዚዮሎጂ ክላስ ውስጥ ተራው የአንጎል ሆነ። መምህሩ የግራውን ክፍል በስላይድ አሳይቶ፣ ንግግር የሚወጣባትን ቦታ በቀይ ብርሃን ሲያመለክት መቀመጥ አቃተኝ። ሌላው ተማሪ ለፈተና ይጽፋል፤ እኔ የማየው የአባዬን ጭንቅላት ነው። ቦርሳዬን ትቼ ወጣሁና ክላሱ እስኪያልቅ ኮሪደሩ ላይ ስንቆራጠጥ ቆየሁ።

አንድ ቅዳሜ እማዬ ወጥ እየሠራች ከደሴ ያመጣነውን የመንዙማ ካሴት ከፈተች። እኔ የአባዬን ቀኝ እጅ እያሸሁለት ነበር። አውጪው ስንኙን ጨርሶ ተቀባዮቹ ሊገቡ ሲሉ አባዬ አብሯቸው ገባ። በማንጎራጎር እንዳይመስልሽ፤ በቃሉ፣ ጥርት ባለ ቃል፣ አንዲት ሳያስቀር! እማዬ ጭልፋ እንደያዘች ከኩሽና ወጣች። ቆማ አዳመጠችው። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ሲያስመስል ኖሯል! ለእኔ እንጃ፣ ለካሴት ግን መልስ!» አለች፤ ወዲያው ደግሞ እግሩ ሥር ተቀምጣ ጉልበቱን ይዛ ተንሰቀሰቀች። አባዬ እየሳቀ ራሷን ዳበሳትና «እንጃ» አላት።

የድምፅ መምህሬ በምርኩዝ የሚሄዱ አሮጊት ናቸው። ድልድዩን በሩጫ ተሻግሬ ሄጄ የሆነውን ስነግራቸው አልተገረሙም። ንግግር መንገዱ በግራ ነው፣ ዜማ ግን በቀኝም በኩል መንገድ አለው አሉኝ። አሠራሩንም አሳዩኝ። እሱ የሚያስፈልገውን አጭር አባባል መርጬ፣ ንግግር በሚመስል ዜማ አድርጌ፣ በግራ እጁ ጉልበቱን መታ መታ እያደረገ እንዲለው፤ ከለመደው በኋላ ዜማውን በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ ነው። አባዬን ንግግር የምታለማምደው ቴራፒስትም ነገሩን ታውቀው ኖሯል፤ በአማርኛ የሚያሠራው ሰው አጥታ እንጂ። እንግዲህ ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

«ውሃ ስጡኝ» ብለን ጀመርን። «ደክሞኛል» አስከተልን። «ሽንት ቤት ውሰዱኝ» ላይ ስንደርስ እማዬ በመንዙማ ዜማ መሆኑን ሰምታ «አስተግፊሩላህ! በዚህ ዜማማ አይሆንም» ብላ ተቆጣች፤ ወደ ሠርግ ዜማ ቀየርነው። ከዚያ በኋላ አባዬ ሽንት ቤት በሄደ ቁጥር ሙሽራ የምናጅብ ነበር የምንመስለው። ጠያቂም እንደ ልቡ ይገባ ጀመር። እኔ ግን አሁንም ጭንቀቴ አልለቀቀኝም፤ ጣቱ ስልኩን ማሳየት አልተወምና።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ከሰዓት ስልኩን አንሥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «ይኸው፣ ማንን ነው?» አልኩት። ቃል ሳልጨምር ጉልበቱን ብቻ መታ መታ አደረግሁለት። አባዬ ፈጽሞ ሰምቼው የማላውቀውን ዜማ ጀመረ፤

ከጦሳ ላይ ወርዳ፣ ደመናውን ለብሳ፣
መጣች የኔ ዓይናማ፣ ቤቴን ልታነሣ።

እማዬ የምትለቅመውን ምስር ተወችው። አንቺ በተወለድሽ ሰሞን፣ ጦሳ ተራራን ጉም ሸፍኖት ሳለ፣ እሱ አቅፎ ሲያባብልሽ የገጠመልሽ ነው አለችኝ። ሁለተኛ ሲደግመው መጨረሻው ላይ ስምሽን ጠራ። ትልቋ አላለም። ስምሽን ጠራ። እማዬም ተቀበለችው፤ ያንን ሁሉ ዘመን ከአፏ ያልወጣውን ስም እንደ መንዙማ ተቀባይ ደግማ ጠራችው።

እህቴ፣ አሁን የምጽፍልሽን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ይህን ሁሉ የጻፍኩት እዚህ ለመድረስ ነው።

ከዚያ በኋላ በመጣው ቅዳሜ፣ እዚህ ጠዋት፣ እናንተ ዘንድ አመሻሹ ላይ፣ በካርድ ደወልንልሽ። ቁጥርሽን እማዬ በቃሏ ታውቀው ኖሯል። አንዴ ጠርቶ «ሀሎ? ማን ልበል?» አልሽ። ከኋላሽ ልጅ ይንጫጫል። አባዬ ስልኩን በግራ ጆሮው ላይ ለጥፎ አፉን ከፈተ። ሳምንቱን ሙሉ ሲለው የከረመው ዜማ ድምፅሽን ሲሰማ ጠፋው። «እንጃ» አለሽ። «ማን ልበል?» አልሽ እንደገና። «እንጃ… እንጃ…» እኔ ስልኩን ልቀበለው እጄን ስዘረጋ አንጓዬን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ፤ ራሱ ሊልሽ ነበር የፈለገው። አንቺም «ተሳስተዋል አባቴ» ብለሽ ዘጋሽው። ትዝ ካለሽ ያ ሰው እሱ ነው።

በዘጋሽው አትጸጸቺ። እኔ ፊቱን ሳየው ነበር፤ አንቺ አላየሽውም፣ ስለዚህ እኔን እመኚኝ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። አላለቀሰም። ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ። ከዚያ በለሆሳስ አንዲት ዜማ ማንጎራጎር ጀመረ፤ ከፍ ትልና ዝቅ ትላለች፣ መጨረሻዋ ላይ ትነሣለች። ምን እንደሆነች የገባኝ ቆይቶ ነው። «ሀሎ? ማን ልበል?» ያልሽበት አነጋገርሽ ነበር። ቃሉን ትቶ ድምፅሽን ይዞት ቀረ። «አባቴ» ያልሽውን ደግሞ ለእማዬ ሊነግራት ፈልጎ አንድ ሰዓት ታገለና በመጨረሻ በዜማ አወጣው። «አባቴ አለችኝ» አላት። አንቺ ለማንም ሽማግሌ የምትይው መሆኑን እማዬ ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል። ግድ አልሰጠውም። ያቺን የስልክ ዜማ ያን ሰሞን ሁሉ ሲያንጎራጉራት ሰነበተ።

መልሼ ልደውል ብለው አልፈቀደልኝም። አስቀድሞ ሊለማመድ ፈለገ። ሊልሽ የፈለገውን የይቅርታ ቃል ራሱ መረጠ፤ «አውፍ በይኝ»። ክረምቱን ሙሉ፣ ውጭው በረዶ በሆነበት፣ እኔ ከክላስ ስመለስ ጉልበቱን መታ መታ እያደረገ ስምሽን ከፊት አስቀድሞ «አውፍ በይኝ» ይል ነበር። መጀመሪያ በዜማ። በጥር ዜማው ቀነሰ። የካቲት ሲያልቅ እንደ ማንኛውም ሰው በንግግር ሊለው ምንም አልቀረውም። ለመውሊድ እንዲደወልልሽ ቀን ቆረጠ። መውሊድ ደግሞ ይኸው ሊገባ ነው።

ያለፈው ሰኞ የድምፅ ክላሴን ጨርሼ ድልድዩን ስሻገር እማዬ ደወለች። ስለዚያ ቀን እዚህ አልጽፍልሽም። ከዚያ ወዲህ ክላስ አልገባሁም። የፊዚዮሎጂ መምህሬ ፈተናውን እንዳስተላለፈልኝ ጽፎልኛል። የድምፅ መምህሬ ሪችፊልድ ድረስ መጥተው፣ ምርኩዛቸውን አጋድመው፣ ከእማዬ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። እጇን እንደያዙ ዋሉ። ሲወጡ የሙዚቃ ሕክምና የሚባል ትምህርት እንዳለና እንዳስብበት ነገሩኝ። አላውቅም። ነርስነቱን ልጨርስ፣ ያኛውን ልጀምር፣ ሁለቱንም ትቼ ልምጣ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሁሉንም ወስኜ ሁሉንም አፈርሳለሁ።

ኢያሱን በመሥሪያ ቤቱ ስልክ አገኘሁት። ከእሱ ጋር ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነው። ነግሬው ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሀሎ» ስል «አለሁ» አለኝ፤ ድምፁ ተለውጦ ነበር። ከዚያ «አይዞሽ፣ እኔ ከአጠገቧ አልለይም» አለ። ጥሩ ሰው ነው ያገባሽው። ይህን ደብዳቤ ወደ አዲስ አበባ የምትሄደው፣ የምሥራች የምትባለው የክላስ ጓደኛዬ ለእሱ ታደርስለታለች፤ መቼ እንደሚሰጥሽ እሱ ያውቃል።

ደብዳቤው በተሰጠሽ ማግስት ማለዳ ሰዎች ይመጣሉ። አማትሽ እትዬ አሰፋሽ ጎረቤቶችሽን ይዘው ይመጣሉ። ክርስቲያን ካገባች ደጇን አልረግጥም ብሎ የማለው አጎታችን አብዱልሀፊዝም ከደሴ ተነሥቷል፤ ቀድሞ የሚያንኳኳው እሱ ነው። የመጡበትን ከእነሱ አፍ ስሚው፤ ወጉ እንደዚያ ነው፣ እኔም ወጉን አላፈርስም። ከእነሱ በፊት ግን የስልኩን ነገር ከእኔ እንድትሰሚ ፈለግሁ። እስከዚያ እባክሽ እህል ቅመሺ። ልጅሽን አጥቢያት፣ አስተኚያት። ነጠላሽን ከአጠገብሽ አኑሪው።

አላህ ሶብሩን ለሁላችንም ይስጠን። ልጅሽን በእቅፍሽ ያሳድግልሽ፤ ትዳርሽን ያጽናልሽ፤ እኔና አንቺን በሕይወት ያገናኘን። አሚን በይ።

ሲያንኳኳ አጎታችንን ደጅ አታቁሚው። ሽማግሌ ነው፤ መንገዱም ረጅም ነው።

ታናሽ እህትሽ